ቁጥር ሃያ ሦስትን እንደገና የሰማንበት እሁድ

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ከኋላዬ እንዳያወራው ነው። ባለቤቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። እሱን ተከትዬ ሐዋሳ ገባሁ፣ ልጆቼን እዚሁ ወለድኩ፣ እሱንም እዚሁ ቀበርኩ። እሱ ካረፈ በኋላ ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ ባህል አዳራሽ ሰፈር አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የደብተርና የእስክሪብቶ መደርደሪያ፣ ለባለጉዳይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ከማሽን የሚወጣ ወረቀት ትኩስ ነው። ትኩስ ወረቀት እጄ ላይ ሲያርፍ ሳላነበው ማለፍ አልችልም። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ሁሉንም አነብ ነበር። አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር የታጠፈ ወረቀት አምጥቶ ሁለት ኮፒ አንሺልኝ አለኝ። እናቱ በሞተችበት ቀን በየዓመቱ ከኋላ ካሉት ሦስት ቦታዎች አንዱን «ተይዟል» እያለ ባዶ ይዞ ስለሚዞር ሹፌር የተጻፈ ግጥም ነበር። ማሽኑን አቆምኩት።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው የምጽፈው።»

ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። በየቀኑ በፊቴ የሚያልፉት፣ መታወቂያቸውን የማነሳላቸው፣ «ቶሎ በይ እንጂ» የሚሉኝ ሰዎች ውስጣቸው ይህን ተሸክመው እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። የጤና ጣቢያ ነርስ መጣች፣ አጭር ልብ ወለድ ይዛ። ባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ የሚጽፍ ሠዓሊ መጣ፣ የሐይቁን አሣ አጥማጆች በእርሳስ የሣለበትን ደብተር ይዞ። ሁሉም ኮፒ የሚያስነሱት የሆነ ቦታ ሊልኩት ነው። አንዳቸውም መልስ አያገኙም። የሚታተምለት ሰው፣ ሰው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር። ይህ ነገር ደሜን አፈላው። ማሽኑ የእኔ፣ ወረቀቱ የእኔ፣ ታዲያ ምን እጠብቃለሁ አልኩና መጽሔት ጀመርኩ፤ ኋላ አንባቢ ሲበዛ ማተሚያ ቤት መስጠት ያዝን።

አድልዎ እንዳይኖር ደንብ አወጣሁ። ጽሑፍ ሲመጣ ስሙ በሌላ ቁራጭ ወረቀት ይጻፋል። ቁራጩን አጥፌ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ጽሑፉ ለየእትሙ ከአንድ የሚጀምር ቁጥር ይሰጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ገርበብ አድርገን ሦስት ሆነን እንሰማለን። አንደኛዋ እኔ ነኝ። ሁለተኛው እዚሁ ሐዋሳ ካለው አዲስ ከተማ ሰፈር በብስክሌት የሚመጡ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ሦስተኛዋ ኮምፒውተሩን የምትይዘው የልጅ ልጄ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ «እቴቴ» ትለኛለች። የምታነበውም እሷ ናት። ጸሐፊ የራሱን ጽሑፍ ፈጽሞ አያነብም። ድምፁ የሚያምር ሰው ደካማ ጽሑፍ ያሳምራል፣ ዓይነ አፋር ሰው ደግሞ የራሱን ጥሩ ጽሑፍ ይገድላል። ጽሑፍ በሌላ ሰው አፍ መቆም አለበት። ከሦስታችንም ሆነ ከቤተሰቦቻችን ማንም ጽሑፍ ማስገባት አይችልም። የልጅ ልጄ በዚህ ሁለት ዓመት አኩርፋኛለች።

«ሌላ ሰው ብሆን ስሜ ጣሳ ውስጥ ይገባ ነበር፤ አያቴ ስለሆንሽ ልቀጣ?»

«አዎ፣ ተቀጪ።»

አንድ ሌላ ደንብ አለ። አልፏል የተባለውን ማንም ይነግረዋል። ወድቋል የተባለውን ግን ራሴ ነኝ የምነግረው፣ ፊት ለፊት፣ በማግስቱ እሁድ፣ ወረቀቱን እጁ ላይ አስቀምጬ። ሰው ለምን እንደወደቀ ሳያውቅ መቅረት የለበትም። አንዳንዱ አልቅሷል፣ አንዱ ጠረጴዛዬን በጡጫ መትቶ ወጥቷል፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን የተሻለ ይዞ ተመልሷል።

በሩ ላይም ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር፦ «ጽሑፍ በአማርኛ፣ ስም በተለየ ወረቀት።» ለዓመታት እዚያው ነበረ፣ ፀሐይ አደብዝዞታል። ከእሱ የበለጠ ፍትሐዊ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቁጥር ሃያ ሦስት የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የልጅ ልጄ ማንበብ ጀመረች። «እንሰት ጠቃሚ ተክል ነው። እናቴ እንሰት ተከለች። እንሰቱ አደገ። ከብዙ ዓመት በኋላ እንሰቱ አበበ። ስለዚህ ምርቱ ቀነሰ።» እንደዚህ እያለ ሁለት ገጽ ይሄዳል።

«ይሄ እኮ የግብርና ቢሮ በራሪ ወረቀት ነው!» አለች የልጅ ልጄ።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያመኝ ያ ሳቅ ነው። ሦስታችንም «አይሆንም» አልን፤ ወደ ሃያ አራት ሄድን።

እሁድ ጠዋት ቁጥር ሃያ ሦስት መጣች። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት፤ ልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እሁድ ብቻ ነው የምታርፈው። ጣቷ ላይ መርፌ የወጋው ጠባሳ አየሁ። ሱቁ ውስጥ ሌላ አንዲት ባለጉዳይ ነበረች፤ ገበያ አቮካዶ የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ ወደ እኔ የሚጠጋ የሲዳማ ሴት፣ መታወቂያዋን ኮፒ ልታስነሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ አልተመረጠም» አልኳት። «ሐሳቡ አለ። ግን ትምህርት ቤት ለመምህር የሚጻፍ ነገር ሆነብን። ሰው የለበትም።»

አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ልክ ነዎት እማማ፣ የለበትም። የሰማችሁት የኔን አይደለም።»

«ቁጥር ሃያ ሦስት ያንቺ አይደለም?»

«ቁጥሩ የኔ ነው። የጻፍኩት በሲዳምኛ ነው። በሩ ላይ በአማርኛ ይላል። ስለዚህ በአማርኛ አመጣሁት፤ ስመልሰው ሞተ። እየሞተ እንደሆነ እያየሁት ነው የመለስኩት።»

«ታዲያ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው። ለማንም አላደላሁም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ሲጽፉ መጀመሪያ አፍዎን በር ላይ አውልቀው ነው የሚገቡት? እኛ ግን እንደ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። እኩል ነው ካሉ እሺ። እኔ ከእንግዲህ አላመጣም፤ ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

እኔን ማንም እንደዚህ ተናግሮኝ አያውቅም። በሌላ ቀን ቢሆን መልሼ እሰጣት ነበር፤ ምላሴ የታወቀ ነው። ግን የተናገረችው ስለ ፍትሕ ነው፣ እኔም የማውቀው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። እንደተሸነፍኩ ገባኝ። ግትር ስለሆንኩ ግን ወዲያው አላመንኩም።

«ዋናው አለሽ?»

ደብተር አወጣች።

«አንብቢው።»

«ጸሐፊ የራሱን አያነብም ይባላል።»

«ይሄ ዳኝነት አይደለም። እኔ መስማት ፈልጌ ነው።»

ቆማ አነበበች። ሐዋሳ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። በየዓመቱ ለፊቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ሄጄ ከሕዝቡ ጋር ቆሜአለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲዘፍኑ ፀጉሬ ሲቆም ተሰምቶኛል፣ የሚሉትን ግን ሳላውቅ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። በሲዳምኛ ሽንኩርት መግዛት እችላለሁ፣ ሐዘንተኛ ማጽናናት እችላለሁ፤ በዚያ ያበቃል። ስለዚህ የምታነበውን አልሰማሁም ማለት እችላለሁ። ግን አቮካዶ ሻጯን አየኋት።

መጀመሪያ መታወቂያዋን በጣቷ እያሻሸች ነበር። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ልጅቷ አንድ ነገር ስትል ሴትየዋ እንደ ልጅ ሳቀች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች፤ የሚያውቀው ሰው ጥፋት ሲሠራ እንደሚያይ ሰው። መጨረሻው ላይ ዓይኖቿ መሬት ላይ ተተከሉ። ልጅቷ ደብተሩን ስትዘጋ ሴትየዋ አልተንቀሳቀሰችም። ከሰው ፊት ላይ ጽሑፍ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከማሽኑ የወጣው የመጀመሪያው ግጥም እጄ ላይ የጣለብኝ ሙቀት ተመልሶ መጣ።

«ኮፒሽ ደርሷል» አልኳት ለመናገር ያህል።

የሴትየዋ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፣ ለሁሉም አንድ ነው። «ኮፒውን ተይው አንቺ» አለችኝ። «እሷን ድገሚ በያት።»

ልጅቷ ግን ደብተሯን ይዛ ሄደች። የፋብሪካ ልጅ ናት፤ እሁዷ አጭር ነው።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የድሮ እትሞችን አወጣሁ፤ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ከተማው ውስጥ በየመንገዱ በየታክሲው የምሰማው ቋንቋ አንድም ገጽ ላይ የለም። በሩን ገፋ አድርገው «በአማርኛ ብቻ ነው?» ብለው የጠየቁኝ ነበሩ፤ «አዎ» ስላቸው «እሺ እማማ» ብለው ሄደዋል። ማንም ጠረጴዛ አልመታም። በትሕትና ስለሄዱ ጥያቄ እንዳልነበራቸው ቆጥሬው ነበር። የወደቀውን ሁሉ ፊት ለፊት እነግራለሁ እያልኩ ስኩራራ፣ እነሱን ግን ሳይገቡ ነው የጣልኳቸው።

በማግስቱ ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ላጥኩት። መምህሩንም በስልክ ጠራኋቸው።

«ማተሚያ ቤቱን አንድ ሳምንት እንዲጠብቀን ለምኜዋለሁ። ቁጥር ሃያ ሦስትን እንደገና እንሰማለን።»

«እትዬ፣ ድምፅ ሰጥተናል እኮ! ደንቡን ያወጡት ራስዎ ነዎት። ዛሬ ለአንዷ ካፈረሱት ነገ የወደቀው ሁሉ ቢመጣ ምን ይሉታል?»

«የዳኘነው ሌላ ጽሑፍ ነው። የሷን ገና አልሰማንም።»

«እሺ ይሁን። ግን ማን ይዳኛል? እኔ ሲዳምኛ አልችልም። እርስዎም አይችሉም። የማይሰሙትን ቋንቋ መዳኘት አድልዎ አይደለም?»

ልክ ናቸው። ይህን እኔም አስቤበታለሁ። «ዳኛ አግኝቻለሁ» አልኳቸው። ገበያ ሄጄ አቮካዶ ሻጯን አግኝቻት ነበር። ስነግራት በጣም ነው የሳቀችብኝ።

«እኔ ማንበብ አልችል፣ መፈረም አልችል፣ ምን ልሠራልሽ?»

«አትፈርሚም። ትሰሚያለሽ።»

«ውሸት ከሆነ ውሸት ነው እላለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሚኝ።»

«የምፈልገው እሱን ነው።»

አንድ ሰው አይበቃም ብዬ ሌላ እንድታመጣ ነገርኳት፤ የእህቷን ባል፣ የቀበሌ ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ፣ ይዛ መጣች። እሁድ ከሰዓት አምስት ሆነን ተቀመጥን። መምህሩ አግዳሚው ጫፍ ላይ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ገና አልተፈታም። ልጅቷን ግን ውጭ አስቀመጥኳት፤ ጸሐፊ ዳኝነት ላይ አይገባም። ደብተሯን እንድትሰጠኝ ለማሳመን አንድ ሙሉ ሳምንት ፈጅቶብኛል። የፋብሪካው በር ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ጠብቄአታለሁ፤ በሁለተኛው ቀን «እሺ፣ ግን አማርኛውን አላያይዝም» ብላ ሰጠችኝ።

ያነበበችው የልጅ ልጄ ናት። እዚህ ተወልዳ ሲዳምኛን በትምህርት ቤት ተምራለች፣ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ታነበዋለች። ግን አነጋገሯ የክፍል ነው። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ አቮካዶ ሻጯ እጇን አነሳች።

«አይ አይ! እንደዚያ ካልሽው በሬ ጠራሽ!»

ሽማግሌው ሳቁ፣ የልጅ ልጄ ቀላች፣ እንደገና ጀመረች። አንድ አንቀጽ ስታነብ ሴትየዋ ለእኔና ለመምህሩ በራሷ አማርኛ ትነግረናለች። ነገሩ የተገለጠልን እንደዚያ ነው።

እናትየዋ ልጇ አንደኛ ክፍል የገባች ዕለት አንድ እንሰት ተከለች። በየዓመቱ ልጅቷን ከአጠገቡ አቁማ ቁመቷን ትለካለች። ልጅቷ ትበልጠው ነበር፣ ከዚያ እኩል ሆኑ፣ ከዚያ እንሰቱ በለጣት። እንሰቱ ለቆጮ ለመፋቅ ሲደርስ ልጅቷ ፋብሪካ ገባች። እናትየዋ «ከሷ ጋር ነው የምፍቀው» ብላ ተወችው። ልጅቷ ለበዓል እመጣለሁ ትላለች፤ በዓሉ ያልፋል፤ ለሚቀጥለው ትላለች። እንሰት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያብበው፣ ካበበ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ምግቡ የለም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «ፋቂው፣ ሊያብብ ነው» ይላታል። እሷ እንቢ አለች። አበበ። ጎረቤቱ «ይቺ ሴት ምግብ አበላሸች» ብሎ ሰደባት። ልጅቷ ይህን የሰማችው በስልክ ነው፣ ኮሌታ ስትሰፋ፤ መርፌው የወጋት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የልጅ ልጄ ድምፅ ቆመ። በራሪ ወረቀት ነው ብላ የሳቀችው እሷ ናት፤ አሁን ያው አፏ መሄድ አቃተው። ማንም አላቻኮላትም። ገጹን ገልጣ መጨረሻውን አነበበች፤ አቮካዶ ሻጯም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። ልጅቷ አገሯ ሄደች። እናትና ልጅ የአበበውን እንሰት ቆረጡት። ውስጡ ምንም የለውም። ምንም እንደማይወጣ እያወቁ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እስኪመሽ ፋቁት።

መምህሩ የታጠፈ ክንዳቸውን ፈቱ። እኔ እጄ ላይ ምንም ወረቀት አልነበረም፣ ግን መዳፌ ሞቀኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ስንት ጽሑፍ ሰምቼ፣ ሰው በባዶ እንሰት እንዲህ ሊናገር እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። ይህ ሁሉ ከቤቴ ሩብ ሰዓት በማይርቅ የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ከሥራ በደከመ እጅ ነው የተጻፈው።

«እንዴት ነው?» አልኩ ዳኞቹን።

ሽማግሌው «እውነት ነው» አሉ። አቮካዶ ሻጯ «አንድ ቦታ ብቻ ተሳስታለች» አለች። «እናት እንዲህ ዝም አትልም፣ ትሳደባለች። ግን የራሷ እናት ናት፣ እሷ ታውቃለች። ይግባ።»

መምህሩ «እኔ ድምፅ የለኝም» አሉ። «ግን እትዬ፣ ቦታው ከየት ይመጣል? ገጹ ሞልቷል። የተመረጠን ሰው ማውጣት…»

«የተመረጠ ማንም አይወጣም።»

መጽሔቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ የእኔ ነው። «ከአዘጋጇ» ይባላል። ስድስተኛ ክፍል የተማረች ሴት በታተመ ወረቀት ላይ በራሷ ስም ስትናገር ምን እንደሚሰማት የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ገጽ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። የዚያን እትም ጽሑፌን ሦስት ሳምንት ደክሜበት ነበር፤ ስለ ፍትሐዊነት ነው፣ ይግረማችሁ። ከኮምፒውተሩ ላይ አስጠፋሁት። አንድ ገጽ ስላልበቃ የኋላ ሽፋኑን ጨመርኩ፤ ሠዓሊው እዚያ የነበረውን ሥዕሉን አሳንሶ ወደ ውስጥ ለማስገባት እሺ አለ። በእኔ ገጽ ላይ ሲዳምኛው ሙሉውን ገባ። ከኋላ ሽፋኑ ላይ አቮካዶ ሻጯ በነገረችን አማርኛ፣ «እርስዎ» በሌለው፣ መምህሩ አንድ ቃል ሳያርሙ የጻፉት ገባ። ለማረም እጃቸው ሲበላቸው አይቻለሁ።

ጣሳውን የከፈትነው በመጨረሻ ነው፤ እንደ ደንቡ። ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ ለመጠየቅ በሩን ስከፍት ልጅቷ ደረጃው ላይ የለችም። ዳኝነቱ ረዝሞባት፣ ነገ ማለዳ ፈረቃ ስላላት፣ ወደ ክፍሏ ሄዳለች። አልፏል የተባለውን ማንም ይነግረዋል ብያለሁ። ይህን ግን ለማንም አልተውኩትም። ሰኞ ፋብሪካው በር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ቆምኩ፤ ዘበኛው «ዛሬም መጡ እማማ?» አለኝ። ስነግራት የማውቀውን የሲዳምኛ ሰላምታ ሰጠችኝ፣ እኔም በማውቀው መለስኩላት፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።

እትሙ የወጣ ዕለት አቮካዶ ሻጯ መጥታ ሁለት ወሰደች። ማንበብ ስለማትችል የልጅ ልጄ የገጹን ጫፍ አጥፋ ምልክት አደረገችላት። አንዱን ቅርጫቷ ውስጥ ከአቮካዶው በላይ አስቀመጠችው፣ ገዢ ሁሉ እንዲያየው።

ከወር በኋላ በአንድ እሁድ ቁጥር ሃያ ሦስት የነበረችው ልጅ ተመለሰች። አዲስ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፣ ስሟን በቁራጭ ጽፋ ራሷ ጣሳው ውስጥ ከተተች። ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ የላቲን ፊደል ነው፣ አማርኛ የለውም። ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አንድ ቃል ለማንበብ ሞከርኩ፣ አቃተኝ።

«ስለ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቅዳሜ ሲነበብ ይሰማሉ» አለችኝ። «ቁጥሬ ስንት ነው?»

«አራት» አልኳት፣ ጻፍኩበትም።